ምርመራው «የለም» ካለ በኋላ



ዛሬ የምናገረው ስለ ጨጓራ ቁስለት ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ አድርጎ «ተገኝቶብሃል» የተባለ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እፍኝ ሙሉ ክኒን ሲውጥ የከረመ አይጠፋም። ስለዚያ ሰው ብዙ ተነግሯል። እኔ የመጣሁት ስለ ሌላው ሰው ልናገር ነው፤ ምርመራው «የለም» ስላለው፣ ቁስሉ ግን ስላልለቀቀው ሰው።

ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ይቀራል። ባክቴሪያ ካልተገኘበት «ጭንቀት ነው»፣ «በርበሬ ቀንስ»፣ «ቡናውን ተው» ይባላል። ተልባ ይጠጣል፣ አብሽ ይሞክራል። ከመድኃኒት ቤት አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ገዝቶ ሲብስበት ይውጣል፣ ሲሻለው ያቆማል። እንዲህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ከእነዚህ ሰዎች በጥቂቶቹ ጨጓራ ውስጥ፣ አደራ፣ በጥቂቶቹ ነው የምለው፣ የተለመደው ምርመራ የማያገኛቸው ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። የሚያጠቁት ጥቂት ሰው መሆኑ የአንዱን ታማሚ ሕመም አያቀልለትም። ስለዚህ ጉዳዩ አንድ ምሽት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩን ከውሻ እጀምራለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1893 ጁሊዮ ቢዞዜሮ የተባለ ጣሊያናዊ ሊቅ በቱሪን ከተማ የውሾችን ጨጓራ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። አሲድ በሚያመነጩት እጢዎች ውስጥ የተጠማዘዙ ረቂቅ ተሕዋስያን አየ። ያየውን ጻፈ፣ ሥዕላቸውንም አኖረልን። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁጎ ሳሎሞን የተባለ ሌላ ተመራማሪ እነዚሁኑ በድመትና በአይጥ ጨጓራ ውስጥም አገኘ። የውሻ ጨጓራ ሽፋን ለነጭ አይጦች አብልቶ ተሕዋስያኑን ወደ እነሱ ማስተላለፍም ቻለ። ይህ ሁሉ የሆነው ዓለም ስለ ኤች ፓይሎሪ አንዳች ሳያውቅ ነው። ዛሬ በውሻ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩትን ዝርያዎች ስለምናውቅ ቢዞዜሮ ያየው ኤች ፓይሎሪ እንዳልነበረ መናገር እንችላለን። እሱ ያያቸው የኤች ፓይሎሪ ዘመዶች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ዛሬ በቢዞዜሮ ስም፣ ሌላው በሳሎሞን ስም ይጠራል።

ይህን ልብ በሉልኝ። ዛሬ «ያልተለመዱ» ብለን ከሐኪም መጽሐፍ ግርጌ የምናስቀምጣቸው ባክቴሪያዎች «ከተለመደው» ዘጠና ዓመት ያህል ቀድመው ታይተዋል። የጠፋው የሚያያቸው ዓይን ሳይሆን የሚከተላቸው ጥያቄ ነበር። ጨጓራ በአሲድ የተሞላ ስለሆነ በውስጡ የሚኖር ነገር የለም የሚለው እምነት በሕክምናው ዓለም እንደ ሕግ ጸንቶ ነበር። የታየውን ሁሉ «ከአፍ የወረደ ነው»፣ «ናሙናው ተበክሎ ነው» እያሉ ማለፍ ቀላል ሆነ።

በ1940 በአሜሪካ ፍሪድበርግና ባረን የተባሉ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና የወጡ የሰው ጨጓራዎችን በብር ማቅለሚያ መረመሩ። ከሦስቱ በአንዱና ከዚያም በሚበልጡት ውስጥ ጥምዝምዞቹን አገኙ። በ1954 ግን ኤዲ ፓልመር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች የተወሰደ ናሙና አይቶ «ምንም አላገኘሁም» ብሎ ጻፈ። ፓልመር ሰነፍ ሰው አልነበረም። የተጠቀመበት ማቅለሚያ እነዚህን ተሕዋስያን አጉልቶ የማያሳይ ሆኖ ነው። የእሱ ጽሑፍ ግን በሩን ለሩብ ምዕተ ዓመት ዘጋው። እነሆ አንድ «የለም» የሚል ውጤት የስንቱን ሕመም አራዘመ!

በዚያው ዘመን በግሪክ ሜሶሎንጊ ከተማ ጆን ሊኩዲስ የሚባል ሐኪም ነበር። በ1958 የራሱን የሆድ ሕመም በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ካከመ በኋላ ሻል ስላለው የጨጓራ ቁስለት የያዛቸውን ሰዎች በዚያው መንገድ ማከም ጀመረ። ሰው እየጎረፈ መጣለት። የሕክምና ባለሥልጣናት ግን አልሰሙትም፤ ጽሑፉን የሚያትምለት አጣ። በ1968 የገንዘብ ቅጣት ተጣለበት። በ1980 ሲሞት ትክክል እንደነበረ የነገረው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሰው በተናገርኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ማስረጃው የዛሬውን መመዘኛ ያሟላ አልነበረም ብንል እንኳ በሽተኞቹ እየዳኑ ለምን ብሎ የጠየቀለት አልተገኘም።

ቀሪውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ቶሎ ልለፈው። ሮቢን ዋረን በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ በ1979 ባክቴሪያዎቹን በሰው ጨጓራ ናሙና ላይ አየ። ከባሪ ማርሻል ጋር ሆነው በ1982 ማብቀል ቻሉ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣ፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እኔ ልጨምርበት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዋረን የተጠቀመበት የብር ማቅለሚያ በ1920 የተፈለሰፈው የቂጥኝን ተሕዋስ ለማሳየት ነበር። ፓልመር ያላነሳውን መሣሪያ ዋረን አነሳ፤ የታየውም በዚያ ምክንያት ነው። ስለ ቂጥኝ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የኤች ፓይሎሪ ግኝት ከተሰማ በኋላ በየአገሩ ያሉ ፓቶሎጂስቶች የጨጓራ ናሙናን በአዲስ ዓይን ማየት ጀመሩ። በ1987 የእንግሊዝ ሐኪሞች በሦስት ታማሚዎች ናሙና ላይ ከኤች ፓይሎሪ የተለየ ነገር እንዳዩ አሳወቁ። ይኸኛው ይረዝማል፤ ጥምዝምዙም የጠበቀና የበዛ ነው። ኤች ፓይሎሪ ጭራዎቹ በአንድ ጫፍ ሲሆኑ የዚህኛው ግን በሁለቱም ጫፍ ናቸው። በ1991 ኮንራድ ሃይልማንና ባልደረባው የአሥራ አምስት ሺህ ሰዎችን ናሙና መርምረው በ39ኙ ላይ ይህንን ባክቴሪያ እንዳገኙ ጻፉ። ከአራት መቶ ሰው አንድ መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የዘር ቅንጣቱ ሲነበብ የኤች ፓይሎሪ ቤተሰብ መሆኑ ተረጋገጠና ለሃይልማን መታሰቢያ ሄሊኮባክተር ሃይልማኒ ተባለ።

ጥናቱ ሲጠልቅ ግን አንድ የመሰለው ነገር ብዙ ሆኖ ተገኘ። በሰው ጨጓራ ውስጥ ከሚገኙት መካከል አብዛኛውን ድርሻ የያዘው የአሳማ ባክቴሪያ የሆነው ሄሊኮባክተር ሱይስ ነው። የተቀሩት የውሻና የድመት ናቸው፤ ፌሊስ፣ ቢዞዜሮኒ፣ ሳሎሞኒስና ዛሬ ለብቻው ሃይልማኒ የሚባለው። ሁሉም የሚኖሩት በእንስሳት ጨጓራ ውስጥ ሆኖ ወደ ሰው አልፎ አልፎ የሚሻገሩ ናቸው። የአሳማው ባክቴሪያ ደግሞ ራሱ ከሌላ የመጣ ነው። የዘር ቅንጣቱን ያነበቡ ተመራማሪዎች እንደሚሉት መጀመሪያ የእስያ ጦጣዎች ባክቴሪያ የነበረ ሲሆን ወደ አሳማ የተሻገረው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው።

እነዚህን ባክቴሪያዎች በላቦራቶሪ ማብቀል እጅግ አስቸግሮ ነበር። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሱይስን ከአሳማ ጨጓራ ለማብቀል የቻሉት በ2008 ነው። ምስጢሩ ደግሞ አሲድ ነበር። ሌላው ባክቴሪያ የሚሸሸውን አሲድ ይህኛው ካላገኘ አይበቅልም። ከሰው ናሙና በንጽሕና ለይተው ያበቀሉት ጃፓናውያን ሲሆኑ ሥራቸው የታተመው በ2021 ነው። አንድ ባክቴሪያ በእጅ ካልገባ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው በቅጡ መፈተን አይቻልም፤ ለዚህ ነው እነዚህን ለማከም እስካሁን የምንሠራው ለኤች ፓይሎሪ በተበጀው ሕክምና የሆነው። ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

አሁን ታማሚው የሚጠይቀውን ልጠይቅ። «ታዲያ የእኔ ምርመራ ለምን የለም አለ?»

የትንፋሽ ምርመራው የሚለካው ባክቴሪያው ዩሪያን ሲሰባብር የሚወጣውን ጋዝ ነው። በእነዚህ ባክቴሪያዎች በተያዘ ሰው ጨጓራ ውስጥ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ የሚወጣው ጋዝ ከመለኪያው በታች ይሆናል። የሰገራ ምርመራው የተሠራው የኤች ፓይሎሪን ፕሮቲን እንዲለይ ነው፤ ሌላውን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ማለትም በኢንዶስኮፒ፣ ናሙና ተወስዶ ቢመረመርም ባክቴሪያዎቹ ተሰባጥረው እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ጥቂት ሆነው ስለሚኖሩ በአንድ ወይም በሁለት ቁራጭ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ከአንድ ጆንያ ስንዴ አንድ እፍኝ ዘግኖ «እንክርዳድ የለበትም» እንደማለት ነው። ስለዚህ ናሙናው ከተለያየ የጨጓራ ክፍል፣ በርከት ብሎ መወሰድ አለበት። ፓቶሎጂስቱም ምን እንደሚፈለግ አስቀድሞ ቢነገረው ሁለት ጊዜ ያያል። በወረቀቱ ላይ «የሆድ ሕመም» ተብሎ ብቻ የተላከ ናሙና እና «ቁስሉ ከታከመ በኋላ ተመልሷል፣ ቤቱ ውስጥ ውሻ አለ» ተብሎ የተላከ ናሙና እኩል አይታዩም።

ከሁሉም በፊት ግን መጣራት ያለበት ነገር አለ። እዚህ ላይ ልበረታባችሁ ነው። ኤች ፓይሎሪ ሳይኖር ለሚከሰት ቁስለት ዋናው ምክንያት እኔ የምዘረዝራቸው ባክቴሪያዎች ሳይሆኑ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፤ ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት የምንውጣቸው። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲል ብዙ ሰው «ምንም» ይላል፤ ማስታገሻን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውማ። ሁለተኛው ነገር የውሸት «የለም» ነው። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ስለሚያደክሙት ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት በፊት መቋረጥ አለባቸው። ይህን ሳያደርግ የተመረመረ ሰው «የለም» ቢባልም ኤች ፓይሎሪው እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ማቋረጡም በሐኪም ምክር ይሁን፤ የደማ ቁስል ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ቢተው አደጋ ላይ ይወድቃል። የደም ምርመራው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ስለሚል ታክሞ የዳነን ሰው ያስጨንቃል እንጂ አይጠቅመውም።

እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ ነው ወደ ውሻውና ወደ አሳማው የምንሄደው።

በአገራችን ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ አይበላም። ስለዚህ ሱይስ በአሳማ እርባታ ለሚሠሩትና ሥጋውን ለሚያዘጋጁት እንጂ ለብዙው ሰው የሚያሳስብ አይደለም። ውሻና ድመት ግን የሌለበት ሰፈር የለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ ውሻቸውን አልጋቸው ላይ ያስተኛሉ። የቤት እንስሳው ባክቴሪያና የባለቤቱ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ሆነው የተገኙባቸው ታማሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል። ይህ ማለት ግን ውሻችሁን አባርሩ ማለት አይደለም። አብዛኛው ውሻና ድመት እነዚህን ባክቴሪያዎች ይዞ እየኖረ ከሰው ግን የሚያዘው ጥቂቱ ነው። ውሻ ከነካችሁ በኋላ ከማዕድ በፊት እጅ መታጠብ፣ ፊታችሁንና የልጆቻችሁን አፍ አለማስላስ ይበቃል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያደርሱት የጨጓራ መቆጣት ከኤች ፓይሎሪ የቀለለ ነው። ቁስለትም ያስከትላሉ። አንድ ነገር ግን ሐኪሞችን ያሳስባል፤ ማልት ሊምፎማ ከሚባለው የጨጓራ ካንሰር ጋር ያላቸው ዝምድና። በ2000 የታተመ አንድ የጀርመን ሥራ ይህ ካንሰር በመጀመሪያ ደረጃው የተገኘባቸውንና የሃይልማን ባክቴሪያ ያለባቸውን አምስት ታማሚዎች ይገልጻል። ባክቴሪያው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲጠፋ የአምስቱም ካንሰር ከሰመ። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ያለ ጨረር! አምስት ሰው ጥቂት ነው። ለእነዚያ አምስት ሰዎች ግን ባክቴሪያውን በስሙ የጠራው ፓቶሎጂስት ሕይወት ሰጥቷቸዋል።

ለእኛ አገር ከዚህ ሁሉ የቀረበው ሌላ ባክቴሪያ ነው። ቲቢን ሁላችንም ከሳንባ ጋር እናያይዘዋለን፤ ኢትዮጵያም በሽታው ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ ጨጓራን የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው፤ አሲዱ ይከላከላል፣ ምግቡም ቶሎ ያልፋል። ሲይዘው ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ወደ አንጀት በሚያስወጣው በር አካባቢ ነው። ቁስል ይሆናል፤ ወይም በሩን አጥብቦ የበሉትን ከሰዓታት በኋላ ያስመልሳል። ታማሚው ይከሳል፣ ማታ ማታ ያልበዋል። በኢንዶስኮፒ ሲታይ ካንሰር ይመስላል። «ካንሰር ነው» ተብሎ ጨጓራው ከተቆረጠ በኋላ ቲቢ መሆኑ የተረጋገጠበት ታማሚ በየአገሩ ተመዝግቧል። አስቡት፤ የስድስት ወር መድኃኒት የሚያድነውን! ችግሩ በሽታው ከላይኛው ሽፋን ሥር ጠልቆ ስለሚቀመጥ ከላይ የተቀነጠበ ናሙና ሊስተው መቻሉ ነው። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ከዚያው ከቁስሉ ላይ ደጋግሞ፣ ጠለቅ አድርጎ መውሰድ አለበት። ናሙናውም በቲቢ ማቅለሚያና ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የዘር ቅንጣት ምርመራ ይመርመር። የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ይተላለፋል። ስለዚህ ወተት አፍልቶ መጠጣት ለልጆች ብቻ የተተወ ምክር አይደለም።

ቂጥኝን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። በሁለተኛው ደረጃው ጨጓራ ላይ ወርዶ ብዙ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ቁስሎቹ ከሊምፎማ ጋር እስኪያሳስቱ ድረስ ይመሳሰላሉ፤ በፔኒሲሊን ግን ይድናሉ። እንዳይታወቅ የሚያደርገው እፍረት ነው፤ ሐኪሙ ይጠይቃል ብለን እንፈራለን፣ ሐኪሙም ላለማስቀየም ይተወዋል። ቀላል የደም ምርመራ ነው፤ ሁለታችንም አንፈር።

አባ ሰንጋ ደግሞ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ታሞ የሞተ ከብት ሥጋ በበላ ሰው አንጀትና ጨጓራ ላይ ቁስል ያወጣል፤ ይህ ግን ለዓመታት የሚጎተት ሕመም ሳይሆን በቀናት የሚገድል ነው። ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ትውከት ያለበት፣ በተለይም አብረው ከበሉት ሌሎችም የታመሙ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግባ።

ሳርሲና የምትባልም አለች፤ በ1842 ጆን ጉድሰር በኤደንብራ ከአንድ ታማሚ ትውከት ያገኛት፣ አራት አራት ሆና የምትደረደር ባክቴሪያ። ጨጓራው ምግብ ማሳለፍ ባቃተው ሰው ላይ ትታያለች። ቁስሉን እሷ ትፍጠረው ወይስ በቁስሉ ላይ ትመቻች ገና እያከራከረ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አላቆያችሁም።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ነገ ምን ማድረግ እንደምትችሉ ልንገራችሁ። ቁስሉ ጨጓራው ላይ ከሆነ፣ ሕክምናው ከተጀመረ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና በኢንዶስኮፒ መታየቱን ጠይቁ። ካልዳነ ናሙና ዳግም ይወሰድ። ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰ ወይም ምግብ መዋጥ ካስቸገረ ግን ወራት መጠበቅ የለም። ለሐኪማችሁ የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ከነማስታገሻው፣ በቤታችሁ ያለውን እንስሳ፣ ጥሬ ወተት መጠጣታችሁን፣ በቤተሰብ የቲቢ ታማሚ መኖሩን ሳትጠየቁም ንገሩት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። ለፓቶሎጂ የተወሰደ ናሙና ከተመረመረ በኋላ ወዲያው አይጣልም። በሰም ተደፍኖ ይቀመጣል፤ በሰም ውስጥ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ኢንዶስኮፒ ተደርጎላችሁ «የለም» ተብላችሁ ሕመሙ ያልተዋችሁ ካላችሁ የድሮውን የውጤት ወረቀት ፈልጉ። በላዩ ላይ የናሙናው ቁጥር አለ። ላቦራቶሪው ካስቀመጠው ከዚያው ሰም ላይ አዲስ ስስ ቁራጭ ተቆርጦ በብር ማቅለሚያ ሊታይ፣ በዘር ቅንጣት ምርመራም ሊፈተሽ ይችላል። ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ፤ ይህ እንዲደረግላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።